አኒሜሽን ለመማር መጀመሪያ የሚገዛው እርሳስ ነው

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ከአያት ወጥቶ ወደ የካ አባዶና ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ «አኒሜሽን በሦስት ወር» የሚሉ ባነሮች እየበዙ ነው። በጋዜጣችሁ የማስታወቂያ ገጽም ላይ ተመሳሳዩ ይወጣል። ሁሉም የሶፍትዌር ስም ደርድረው ከሥሩ የኮምፒውተር ፎቶ ይለጥፋሉ። ልጁን ለማስመዝገብ የሚሄድ ወላጅም የሚጠይቀው «ምን ዓይነት ኮምፒውተር ልግዛለት?» ብሎ ነው። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በሙያው ውስጥ ያለን ሰዎች ነን፤ ጥያቄው ከመነሻው ስቷል እንላለን። የአኒሜሽን ፊልም ዳይሬክተር መሆን የሚፈልግ ወጣት ከሁሉ በፊት መማር ያለበት ስቶሪቦርድ ነው፤ ታሪክን በተከታታይ ሥዕል መንገር። ለዚህ እርሳስና ወረቀት ይበቃል፤ ከበዛ ስልክ ይጨመርበታል።

ስቶሪቦርድ የሚሥለው ሰው ስቶሪ አርቲስት ይባላል፤ ሥራው ብዙ ጊዜ ገጸ ባሕርይ ከሚሥለው ሰው ሥራ ጋር ይምታታል። ያኛው ጀግናው ምን እንደሚመስል ይወስናል። ስቶሪ አርቲስት ግን ሁለት ሦስት ገጽ ስክሪፕት ይሰጠውና ካሜራው የት እንደሚቆም፣ ማን ቀድሞ እንደሚታይ፣ ዝምታው የት እንደሚረዝም፣ ሳቁ በየትኛው ሥዕል ላይ እንደሚመጣ ይወስናል። ስክሪፕቱ «ተጣሉ» ብሎ ያለፈውን እሱ ሠላሳ አርባ ሥዕል አድርጎ ይዘረጋዋል። ከዚያ በዳይሬክተሩ ፊት ቆሞ፣ የየአንዳንዱን ሰው ድምፅ እያስመሰለ ያቀርበዋል፤ ፒች ማድረግ ይባላል። ግማሹ እዚያው ይጣላል፤ በማግስቱ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ባለ ሙሉ ርዝመት ፊልም እንዲህ ያሉ ሠላሳ ገደማ ክፍሎች ይኖሩታል። በትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ገና አንድም እንቅስቃሴ ሳይሠራ ፊልሙ በሥዕልና በጊዜያዊ ድምፅ ብቻ ተቀናብሮ ይታያል፣ ይፈርሳል፣ እንደገና ይገነባል፤ ይህም በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ስድስት ሰባት ጊዜ ይደጋገማል።

ይህ ሁሉ ማፍረስ ቅንጦት አይደለም። አኒሜሽን በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል ነው። አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም እያቆዩ ቢሠሩ እንኳ በሰከንድ 12፣ በደቂቃ 720 ሥዕል ይመጣል። በእጁ የሚሥል አኒሜተር በሳምንት ተጣርቶ የሚወጣለት ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ያለቀ ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ የሚያሳየው አንድ ቁራጭ) መጣል የሳምንት ደመወዝ መጣል ነው፤ የስቶሪቦርድ ሥዕል መጣል ግን የአምስት ደቂቃ ጉዳይ ነው። እኛ ጋ የተለመደው አሠራር ግን ስክሪፕቱ እንደተጻፈ የገጸ ባሕርያቱን የኮምፒውተር ቅርጽ (ሞዴል) ወደ መሥራት መሮጥ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ታሪኩ እንደማይሠራ የሚታወቀው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ይሆናል።

ስማቸው የገነነ ዳይሬክተሮች ብዙዎቹ የመጡት ከዚሁ ጠረጴዛ ነው። ብሬንዳ ቻፕማን በካሊፎርኒያው የሥነ ጥበብ ተቋም በካልአርትስ ተምራ ዲዝኒ የገባች ስቶሪ አርቲስት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ለወጣው «ዘ ላየን ኪንግ» የታሪክ ክፍሉ ኃላፊ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኦሪት ዘፀአት የተቀዳውን የሙሴን ታሪክ፣ «ዘ ፕሪንስ ኦቭ ኢጂፕት»ን፣ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ስትመራ የአንድ ትልቅ የአሜሪካ ስቱዲዮን የአኒሜሽን ፊልም ዳይሬክት ያደረገች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው «ብሬቭ» ሐሳቡ የራሷ ነበር፤ ሆኖም ሥራው ሳያልቅ በሌላ ዳይሬክተር ተተካች። ስሟ ከዳይሬክተሮቹ ተርታ ባለመፋቁ እ.ኤ.አ. በ2013 ኦስካሩን ተጋርታለች። በነገራችን ላይ መተካት በዚህ ሙያ ብርቅ አይደለም፤ ወደዚህ የሚገባ ወጣት ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ አይከፋም።

ፒተር ራምሲ ደግሞ በሰው ተዋናይ ለሚሠሩ ፊልሞች ለዓመታት ስቶሪቦርድ ሲሥል ኖሮ ነው ወደ አኒሜሽን የተሻገረው። እ.ኤ.አ. በ2019 በምርጥ የአኒሜሽን ፊልም ዘርፍ ኦስካር ካሸነፉት ሦስት ዳይሬክተሮች አንዱ እሱ ነው፤ ዘርፉን ያሸነፈ የመጀመሪያው አፍሪካ አሜሪካዊም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2023 ከስድስት የአፍሪካ አገሮች የተውጣጡ ዳይሬክተሮች የሠሯቸው 10 አጫጭር ፊልሞች በዲዝኒ በኩል ለዓለም ሲቀርቡ የፕሮጀክቱ ኤግዚኪዩቲቭ ፕሮዲውሰር ይኸው ሰው ነበር፤ ሥራውን የመራው የኬፕታውኑ ትሪገርፊሽ ስቱዲዮ ነው። ግብፅ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ናይጄሪያ፣ ዚምባብዌና ደቡብ አፍሪካ ነበሩበት፤ እኛ አልነበርንበትም።

ነገሩ እንዲጨበጥ በአካባቢያችን የማይጠፋ አንድ ትዕይንት እንውሰድ። ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሊፍት የለውም፤ ውሃ ጠፍቷል። የአሥር ዓመት ልጅ ባለ አምስት ሊትር ቢጫ ጄሪካን ይዛ ትወጣለች። ከላይ አራት ሰዎች ሶፋ ተሸክመው ይወርዳሉ። ስክሪፕቱ የሚለው «ደረጃው ላይ ይገናኛሉ፤ ማለፊያ የለም» ብቻ ነው።

ጀማሪ ሠዓሊ ልጅቷን ከግራ ወደ ቀኝ ስትወጣ፣ ሶፋውን ከቀኝ ወደ ግራ ሲወርድ ይሥላል። እስከ መጀመሪያው ማረፊያ ድረስ ችግር የለውም። ማረፊያው ላይ ግን ደረጃው ይታጠፋል። ልጅቷ አሁን የምትወጣው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ሶፋው ሲመጣበት በነበረው አቅጣጫ ማለት ነው። ተመልካቹ ወይ መመለስ የጀመረች፣ ወይ ሰዎቹን የምትከተል ይመስለዋል። መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው ማረፊያው ላይ ካሜራውን ፊት ለፊቷ ማቆም ነው፤ ልጅቷ በቀጥታ ወደ ካሜራው ትመጣለች። አቅጣጫ የሌለው እንዲህ ያለ ሾት በመሃል ከገባ በኋላ ወደፈለጉበት ጎን መታጠፍ ይቻላል። ሁለተኛው ደረጃው በታጠፈ ቁጥር ካሜራውንም ወደ ሌላው ጎን ማሻገር ነው፤ ልጅቷ እስከ አራተኛ ፎቅ ድረስ ከግራ ወደ ቀኝ ትወጣለች። በእውነተኛ ሕንፃ ውስጥ ግድግዳው ካሜራውን ይከለክለዋል፤ በአኒሜሽን ግን ግድግዳ የሚከለክለው ነገር የለም። እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን፤ ድካሟ በአንድ አቅጣጫ እየተጠራቀመ ስለሚሄድ።

ቀጥሎ የሚወሰነው ሶፋው መቼ ይታይ የሚለው ነው። ልጅቷ ባየችበት ቅጽበት ተመልካቹም ካየው ድንገተኛ ይሆናል፤ ይስቅና ያልፋል። ቀድሞ ካየው ግን ይጨነቅላታል። ስለዚህ ገና እሷ ምድር ቤት ሳለች፣ ላይ ቤት ሶፋው በር ላይ ሲቀረቀር እናሳያለን። ከዚያ አንዴ ወደ እሷ፣ አንዴ ወደ እነሱ፤ ሾቱ ሦስት ሰከንድ፣ ሁለት ሰከንድ፣ አንድ ሰከንድ እያለ እያጠረ ይሄዳል። ሲገናኙ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። እዚህ ላይ ከጎን የተወሰደ አንድ ሰፊ ሾት ተሥሎ አራት ሰከንድ ይያዛል፤ ማንም አይናገርም፤ ከጄሪካኑ ክዳን ውሃ ጠብ ይላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በትክክል እዚህ ነው። የአራቱንም ሰዎች ፊትና የልጅቷን ፊት በየተራ በክሎዝአፕ (በጣም ከቅርብ እየወሰደ) ይደረድራል። የትዕይንቱ ችግር ግን ጥበት ነው። በሶፋውና በመደገፊያው ብረት መካከል ያለችው አንድ ስንዝር ካልታየች ታሪኩ የለም፤ ፊት ብቻ እየታየ ደግሞ ስንዝሯ አትታይም። ክሎዝአፑ ለኋላ ይቆጠብ። ልጅቷ ሶፋውን ታያለች፤ ጄሪካኑን ታያለች፤ እንደገና ሶፋውን ታያለች። እነዚህ ሦስት ሥዕሎች ስታስብ የምናያቸው ናቸው። ቀጥሎ ጄሪካኑን ሶፋው ላይ አስቀምጣ እሷም ትወጣበታለች፤ የሰዎቹ ጉልበት ሲታጠፍ በዚያኛው ወገን ዘላ ትወርዳለች። የማሰቢያዎቹ ሥዕሎች ከተወገዱ ያው ድርጊት ብልግና ይመስላል፤ ካሉ ብልሃት ይሆናል።

ይህ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ትዕይንት ነው፤ አርባ ሥዕል ግድም ይፈጃል። አንድ ኤ4 ወረቀት አግድም ተኝቶ 8 በ4.5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ስድስት ሳጥኖችን ከነማስታወሻ ቦታቸው ይይዛል፤ ልኩ የቴሌቪዥኑ የ16 በ9 ምጥጥን ነው። ሾቶቹን 10፣ 20፣ 30 እያሉ መቁጠር በኋላ የሚመጣውን 25 ብሎ ለማስገባት ያስችላል፤ 1፣ 2፣ 3 ብሎ የጀመረ ሰው አንድ ሾት በጨመረ ቁጥር ሁሉንም ሲያርም ይውላል። የሰው እንቅስቃሴ በቀይ ቀስት፣ የካሜራ እንቅስቃሴ በሰማያዊ ይጠቆም፤ በአንድ ቀለም ከሆነ አኒሜተሩ ልጅቷ ትሂድ ካሜራው ይሂድ አያውቅም። ነጭ፣ አንድ ግራጫና ጥቁር ይበቃል። ፀጉርና የልብስ ጥለት ላይ ጊዜ ያጠፋ ሰው ሥዕሉን ለመጣል ይሳሳለታል። የማይጣል ስቶሪቦርድ ደግሞ ምንም አይረባም።

ከዚያ ሥዕሎቹ በስልክ ይነሣሉ። ስልኩ ከወረቀቱ ጋር ትይዩ ይሁን፤ ብርሃኑ ከመስኮት በጎን ይምጣ፤ ከላይ አምፖል ካለ የእጅ ጥላ ይወድቃል። በማንኛውም የስልክ ቪዲዮ ማቀናበሪያ ይደረደራሉ፤ ይህ አኒማቲክ ይባላል። መጀመሪያ ድምፁን ማስገባት፣ ሥዕሉን በድምፁ ላይ ማንጠፍ ይቀላል። ንግግሩ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ቢቀዳ የክፍሉ ማስተጋባት ይቀንሳል። ማቀናበሪያው 24 ፍሬም ላይ መሆኑ ከመጀመሪያው ይረጋገጥ፤ በ30 ከተሠራ የፍሬም ቆጠራው በኋላ ከአኒሜተሩ ጋር አይገጥምም። ሙዚቃ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። ቀድሞ ከገባ የሞተውን ክፍል ሁሉ ሕያው ያስመስለዋል፤ እርስ በርስ መሸነጋገል ነው ትርፉ።

የውጭ ማስተማሪያዎች የማይነግሩን አንድ ነገር አለ። እነሱ ተናጋሪው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ወደ ሰሚው ፊት ቁረጡ ይላሉ። በአማርኛ ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «ይሄን ሶፋ ለእናትህ ብዬ እንጂ ለአንተ ብዬ…» ሲል ሰሚው ገና የሚደነግጥበት ነገር የለውም፤ ነገሩ የሚወድቀው «አልገዛሁትም» ላይ ነው። ስለዚህ የሰሚው ፊት ግሱ ካለቀ በኋላ ሩብ ሰከንድ፣ ማለትም 6 ፍሬም ያህል ቆይቶ ቢለወጥ ያምራል። ቀድሞ ከተለወጠ ተዋናዩ ስክሪፕቱን ያነበበ ይመስላል። አንድ ገጽ ስክሪፕት አንድ ደቂቃ ነው የሚለው ሕግም በእንግሊዝኛ የአጻጻፍ ቅርጽ የተለካ ነው፤ እኛ ጮክ ብሎ እያነበቡ በሰዓት መያዝ ይሻለናል።

ወደ ኮምፒውተሩ እንምጣ፤ ጨርሶ አያስፈልግም አላልንም። ብሌንደር፣ ክሪታና ስቶሪቦርደር የሚባሉት ፕሮግራሞች በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ በክሪታ ውስጥ የስቶሪቦርድ ክፍል አለ፤ በብሌንደር ውስጥ ግሪስ ፔንስል የሚባለው መሣሪያ በቀጥታ መሣል ያስችላል። ስክሪን የሌለው ተራ የመሣያ ታብሌት ለዚህ በቂ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚኖር ሰው የስቶሪቦርድ ጥቅሙ ደግሞ ግልጽ ነው፤ በላፕቶፕ ባትሪ ይሠራል፣ ባትሪውም ሲያልቅ በወረቀት ይቀጥላል። ሌሊቱን ሙሉ ሬንደር የሚያደርግ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን ምስል ሠርቶ እንዲያወጣ የሚጠብቅ ሰው ግን ለሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ይሄድበታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አንድ ምክር፦ በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ፋይል አታውጣ፤ እያንዳንዱን ፍሬም ለየብቻ በምስል መልክ አውጣ። መብራት ቢጠፋ የምታጣው በሥራ ላይ የነበረውን አንድ ፍሬም ብቻ ነው፤ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ቪዲዮ ከሆነ ፋይሉ ሳይዘጋ ስለሚቀር አብዛኛውን ጊዜ አይከፈትም፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ይሆናል። የፋይል ስምም በላቲን ፊደልና በቁጥር ቢሆን ይመረጣል፤ አንዳንዱ ፕሮግራም የእኛን ፊደል ሳጥን ሳጥን ያደርገዋል።

ሐቀኛ ለመሆን፣ ያለ ስቶሪቦርድ የተሠራ ትልቅ ፊልምም አለ። የላትቪያው ጊንትስ ዚልባሎዲስ እ.ኤ.አ. በ2025 ኦስካር ያሸነፈውን «ፍሎው»ን የሠራው በብሌንደር ነው፤ አንድም ንግግር የለበትም። ሥዕል በመሣል ፋንታ ካሜራውን በኮምፒውተሩ ውስጥ በተሠራው ዓለም እያንቀሳቀሰ አኒማቲኩን በቀጥታ አዘጋጀ። ይህን እየጠቀሱ «አያችሁ፣ መሣል አያስፈልግም» የሚሉ አሉ። ሰውየው ግን ከዚያ በፊት አንድ ሙሉ ፊልም ብቻውን ሠርቶ ነበር፤ አኒማቲኩንም አልዘለለም። የዘለለው ወረቀቱን ነው።

ለነገሩ በተከታታይ ሥዕል መንገር ለዚህ አገር ባዕድ አይደለም። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ ብዙ ጊዜ በ44 ክፍል ተሥሎ በየስጦታ ዕቃ መደብሩ ተሰቅሏል። ሠዓሊው የትኛውን ክስተት አስገብቶ የትኛውን እንደዘለለ፣ ጉዞውን በስንት ሣጥን እንዳሳየ፣ ከማዕዱ እስከ ውሃው ጽዋ ድረስ እንዴት እንዳቆየው ቆጥሮ ማየት ለጀማሪ ጥሩ ትምህርት ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ደጉ ሰው በሁለት ዓይኑ፣ ክፉው በአንድ ዓይኑ በጎን ይሣላል፤ ይህ የካሜራ አቀማመጥ ውሳኔ ነው። የሥልጠና ማዕከላቱ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እዚህ ላይ ቢያውሉ አንድም ሳንቲም አያወጡም። ትሪገርፊሽ አካዳሚና በካን አካዳሚ ላይ ያለው የፒክሳር ትምህርትም በነፃ ይገኛሉ።

ሥራ የሚያስገኘው የምስክር ወረቀት አይደለም፤ የሥራ ማሳያ ነው። ሦስት ትዕይንት ይበቃል፦ አንድ የሚያስቅ፣ አንድ ሩጫ ወይም ግጭት ያለበት፣ አንድ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው የሚያወሩበት። ከባዱ ሦስተኛው ነው፤ እንቅስቃሴ ስለሌለ ማምለጫ የለውም። እያንዳንዱ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይለፍ፤ ምርጡ ይቅደም፤ ደካማው ቢጎድል ይሻላል እንጂ ለቁጥር ማሟያ አይግባ። የታወቀ ካርቱን ገጸ ባሕርይ ቀድቶ ያማረ ሥዕል የሚልክ ብዙ ነው፤ የሚቀጥር ሰው የሚፈልገው ግን አመልካቹ ታሪክ ማሰብ እንደሚችል ማየት ነው። የመጀመሪያው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ሰው ቦርድ ማረም ነው፤ ከዚያ ስቶሪ አርቲስት፣ ቀጥሎ የታሪክ ክፍል ኃላፊ፣ ከተሳካም ዳይሬክተር። መሰላሉ ዓመታት ይወስዳል እንጂ ሦስት ወር አይደለም።

አሠሪዎችን የሚመለከት አንድ ጉዳይ ይቀረናል። ማስታወቂያም ሆነ የትምህርት ፕሮግራም የሚያሠሩ ድርጅቶች በበጀታቸው ላይ ሞዴልና ሬንደር ሲጽፉ ስቶሪቦርዱን «ንድፍ» ብለው በነፃ ይጠይቃሉ። ለብቻው ዋጋ ይውጣለት፤ ክፍያው በደቂቃ ይሁን በክፍል ይለይ፤ ስንት ጊዜ እርማት እንደሚካተት ይጻፍ፤ ሁለት ጊዜ ተገቢ ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው ተጨማሪ ይከፈልበት። ቅድመ ክፍያ ሳይገባ ሥራ አይጀመር። አኒማቲኩ ተፈርሞበት ከጸደቀ በኋላ የሚመጣ የታሪክ ለውጥ እርማት ሳይሆን አዲስ ሥራ ነው፤ ፊርማውም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ይሆናል። ስለዚህ ሠዓሊው ሥዕሎቹን በሥራ ማሳያው ውስጥ ለማሳየት መፈቀዱንና ስሙ በፊልሙ መጨረሻ «ስቶሪቦርድ» በሚል መጠሪያ መውጣቱን ከመፈረሙ በፊት በውሉ ላይ ያስጽፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
በስቶሪቦርድና በአኒሜሽን ሥራ ላይ ያለን፣ ከየካ አባዶ